የሚያለቅስልህን ይዘህ ና

በጊቤ ዳር ዓመታዊ የመሣሪያ ትርኢት በሁለተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሦስተኛው ልብ-ሚዛን ለማንም ጠመንጃ አይሸጥም አለ። መጀመሪያ አንድ ፊቱ የተኮሳተረ የከብት ነጋዴ ሲከለከል ማንም አልገረመውም። ቀጥሎ ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ተከለከሉ። ከዚያ በትዕግሥታቸው አገር የሚያውቃቸው መሪጌታ ኅሩይ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ ቀይ በራ። መሪጌታ እጃቸውን ገልብጠው አዩትና እንደገና አሳረፉት። አሁንም ቀይ። ሰልፉ ሳቀ፤ መሪጌታ ግን እንዳዘኑ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ልብ-ሚዛን ማለት የገዢውን የልብ ትርታ፣ ላቡንና ትንፋሹን በመዳፉ በኩል አንብቦ የውስጡን ሁከት የሚመዝን መስታወት ነው። አረንጓዴ ካበራ ሰውየው ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። ቀይ ካበራ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለዚህ ማሽን ሰላም ያለው ልብ ምን እንደሚመስል ያስተማረችው የሻረግ ናት፤ ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። ስለዚህ ሦስተኛው ሚዛን ባመፀ ጊዜ የትርኢቱ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት የጠሩት ሌላ ሰው አልነበረም።

ጠመንጃ በጊቤ ዳር እንደ ባልዲ የቤት ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። ጢንዚዛ የሚሏቸው ሰው አልባ ሌባ በራሪዎች ከየጓሮው ዶሮና የፀሐይ ሰሌዳ እያነሱ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከከተማው ዳር የሚኖር ሁሉ መምቻ ይፈልጋል። የሚገዛው ደግሞ ከሁለት ቦታ ነው፤ ከትርኢቱ ወይም ከሰፈር ሱቅ። በትርኢቱ መቶ ሻጭ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ሰው አማርጦ፣ መዳፉን አሳርፎ፣ በግማሽ ሰዓት ይወጣል። ሾላ ሥር ካለው ከጋሼ ወንድይፍራው ሱቅ የሄደ ግን ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ጠመንጃ ብቻ ያገኛል፤ ሦስት ቀን ጠብቅ ይባላል፤ በዚያ ላይ አንድ ትእዛዝ ይጨመርለታል፦ «ስትሞት የሚያለቅስልህን ሰው ይዘህ ና።» ያ ሰው መጥቶ ካልተቀመጠ ሽማግሌው አይሸጡም። ሚስት ሲያገቡ እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም እያለ ሰው ይቀልድባቸዋል። በየሻረግ መሥሪያ ቤትም ይቀለድ ነበር፤ ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው እሷ ነበረች።

ያን ዕለት ደስ ብሏት ነው የዋለችው። ታላቅ ወንድሟ ማንደፍሮ ተሽሎታል። ማንደፍሮ የበራሪ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አውቶቡሱ ሐይቁ ውስጥ ወድቆ አሥራ አንድ ሰው ሲሞት እሱ ብቻ ተረፈ። ፍርድ ቤቱ ጥፋቱ የእሱ አይደለም አለ፤ እሱ ግን ፍርዱን የሰማ አይመስልም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተኛም፣ በወጉ አልበላም፤ ሲጠይቁት ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል። ባለፈው እሑድ ግን ጢሙን ተላጭቶ ቤቷ መጣ። የሚያላዝነውን የበሯን ማጠፊያ ቀባላት፤ ምሳውን ጠርጎ በላ፤ ሊሄድ ሲል የአባታቸውን አሮጌ ሬዲዮ ከቦርሳው አውጥቶ «ካንቺ ጋር ይሁን» አላት። የሻረግ ሬዲዮውን ከራስጌዋ አስቀመጠች፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የጠገበችው በዚያ ቀን ነው።

ሚዛኑን ፈትታ መረመረችው። ሽቦው ደህና ነው፤ መስታወቱ ንጹሕ ነው። የራሷን መዳፍ አሳረፈች፤ ቀይ። እናቱ ጀርባ ላይ የተኛ የሦስት ወር ሕፃን ነበርና እናቱን አስፈቅዳ ትንሿን መዳፍ አስነካች፤ ቀይ። አቶ ምንተስኖት ሰዓታቸውን እያዩ ቶሎ ጨርሺው አሏት፤ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ወጥቷል።

ነገሩን ያገኘችው የማሽኑን ማኅደር ስትከፍት ነው። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ልብ ተመዝኗል፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ዝርግ ነበር፤ የተኛ ሕፃን እንኳ እንዲህ አይተነፍስም። ማሽኑን ስታስተምር አንድ ሕግ ሰጥታው ነበር፦ ካሁን ቀደም ካየኸው ሁሉ የተረጋጋ ልብ ስታገኝ መለኪያህን በእሱ አስተካክል። ማሽኑ የታዘዘውን አደረገ። የሰላምን ልክ ከዚያ ሰው ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ወገን በዚያ ልክ የሚገኝ ጠፋ።

የሻረግ መስመሩን አድንቃ አየችው። አቶ ምንተስኖትም በትከሻዋ በኩል አጎንብሰው አዩና «ይህንን ሰው ፈልገን ማስታወቂያ ማሠራት ነው» አሉ፤ ከዚያ መስመሩን እንድትሰርዘው ነግረዋት ሄዱ። ከመሰረዟ በፊት የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነበረባት፤ ሰው ሠራሽ እጅ ያለው ገዢ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ነው። ስሙን ከፈተች።

ማንደፍሮ ይላል።

መጀመሪያ የመጣላት ሬዲዮው ነው። ከዚያ የበሩ ማጠፊያ፣ ጢሙ፣ ጠርጎ የበላው ሳህን። እሑድ ዕለት ቤቷ የመጣው የተሻለው ሰው አልነበረም፤ የቆረጠ ሰው ነበር። ያ ሁሉ ሁከት ጸጥ ያለው ከሕይወት ጋር መሟገቱን ስለ ተወ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም። እህቱ ፊቱን አይታ የተሳሳተችውን ስህተት፣ ማሽኗ መዳፉን አንብቦ ደገመው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው ብላ ራሷን ረገመች።

ደወለችለት። አያነሳም። መላልሳ ደወለች። ስልኩን እንደያዘች ነው ከሦስት ቀን በፊት የመጣው መልእክት ትዝ ያላት። «ከሾላ ሥር የመሣሪያ ሱቅ። አንድ ደንበኛ ስምሽን ሰጥቶኛል፤ ጎራ ብትዪ ደስ ይለኛል» ይል ነበር። ሽማግሌው ከትርኢቱ በፊት ሊሞግቷት የፈለጉ መስሏት ከሱቁ የሚመጣውን ሁሉ ወደማታየው ሣጥን እንዲገባ አድርጋ ነበር። ሣጥኑን ስትከፍት ሦስት መልእክት ተከማችቷል። የመጨረሻው የመጣው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው።

«ወንድምሽ ከትርኢቱ የገዛውን ይዞ ማሰሪያውን ፍታልኝ ብሎ መጥቷል። መፍቻው ጠፍቶብኛል እያልኩ አስቀምጬዋለሁ። እስክትመጪ አላገኘውም።»

ከትርኢቱ የሚሸጥ ጠመንጃ ሁሉ ምላጩ በፋብሪካ ማሰሪያ የታሰረ ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካልፈታው አይተኩስም። የትርኢቱ ፈቺዎች በሰው ብዛት ለማግሥቱ ቀጠሮ ይሰጡ ነበር። በሰፈር ያለው ባለፈቃድ ደግሞ አንድ ጋሼ ወንድይፍራው ብቻ ናቸው። የሻረግ ሚዛኑን እንደተፈታ፣ ሰልፉን እንደቆመ ትታ በገመድ ባቡሩ ወደ ሾላ ሥር ወረደች። የምትሠራበት፣ እንደ ሚዛኑ መዳፍ የሚያነበው ትንሹ የመሞከሪያ መስታወት አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እንኳ አላስተዋለችም።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ የዘይትና የብረት ሽታ አለው። ማንደፍሮ ከበሩ ትይዩ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ፊቱ ላይ ያ የእሑዱ ጸጥታ አለ። ጠመንጃው በጨርቅ እንደተጠቀለለ ባንኮኒው ላይ ተጋድሟል። ጋሼ ወንድይፍራው መሳቢያ እየሳቡ፣ ጣሳ እየገለበጡ፣ ከራሳቸው ጋር እያወሩ መፍቻ ይፈልጋሉ። የመፍቻው እጀታ ከካፖርታቸው የጎን ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«ማን ልበል?»

የሻረግ በመንገድ ላይ ብዙ ነገር አሰናድታ ነበር። ሁሉንም ትታ «የማለቅስለት ነኝ» አለች።

ጋሼ ወንድይፍራው ፍለጋቸውን አቁመው ከባንኮኒው ኋላ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቋት ያህል በረጅሙ ተነፈሱ። እሷ ግን እዚያው እንደቆመች ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«የሹ፣ ምን አመጣሽ? ሥራ ላይ አይደለሽ?» አለ ማንደፍሮ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። ጠመንጃው ለጢንዚዛ እንደሆነ ነገራት። ጓሮ እንኳ የለውም፤ የሚኖረው ከሰባተኛ ፎቅ ነው። ሁለቱም ያውቁታል።

አጠገቡ ተቀመጠች። ሬዲዮውን መልሳ እንደምታመጣለት፣ ያለ እሱ እንደማትከፍተው ነገረችው። እሑድ ዕለት ደህና ሆንክ ብላ ደስ ብሏት እንደተኛች፣ ምንም እንዳላየች፣ ማሽኑም በእሷ ዓይን እንዳየው ነገረችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ሰውነቱ አልተነቃነቀም። ልትደርስበት ወደማትችልበት ቦታ እንደሄደ ሆኖ ተሰማትና ፈራች።

ይህን ጊዜ ጋሼ ወንድይፍራው ከበርጩማቸው ሳይነሡ ተናገሩ። ድሮ ለአንድ ጎረቤታቸው ሳይጠይቁ ሸጠውለት ነበር። በጣም ጨዋ፣ በጣም ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ለቅሶው ቤት ስደርስ ሚስቱ አልሰደበችኝም። ‹ለምን አልጠራኸኝም?› ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳልጠራ ሸጬ አላውቅም፤ ብረት እንጂ ልብ ማንበብ አልችልማ።»

ውጭ የገመድ ባቡሩ ሲያልፍ መስኮቱ ነዘረ። ማንደፍሮ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ ለየሻረግ ብቻ እንደሚናገር ሆኖ፣

«መፍቻው ኪሳቸው ውስጥ ነው» አለ።

«አይቻለሁ።»

«ገና ስገባ ነው ያየሁት።»

የሻረግ ፊቱን አየችው። «ስትገባ? ሁለት ሰዓት ሙሉ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም፣ ወንድምጋሼ?»

አፉን ከፈተ። መልሱ የት እንዳለ የሚፈልግ ይመስል ግድግዳውን፣ የተሰቀሉትን አሥራ ሁለት ጠመንጃዎች፣ የሽማግሌውን ኪስ ተራ በተራ አየ። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አገጩ፣ ከዚያ ትከሻው። ሁለት ዓመት ያመቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገነፈለና እንደ ልጅ ጮሆ አለቀሰ። አሥራ አንዱን ሰዎች በየስማቸው ጠራ። የሻረግ አቀፈችው፤ ሲወድቅባት የሚይዘው ፈልጎ የዘረጋው መዳፉ አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው መስታወት ላይ አረፈ።

መስታወቱ ቀይ በራ። ከዚያ፣ የሻረግ ከስድስት ዓመት በፊት በራሷ ድምፅ ቀድታ ያስገባችው ቃል በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ በትሕትና ተሰማ፦

«ልብዎ አልተረጋጋም። ዛሬ መሣሪያ አይሸጥልዎትም።»

ጋሼ ወንድይፍራው ተነሡ። የተጠቀለለውን ጠመንጃ ከነማሰሪያው አንሥተው ከኋላ ያለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ከዚያ ወጥተው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉና ደጁ ላይ ቆሙ፤ ሌላ ገዢ እንዳይገባ። የሻረግ ስልክ ይጮኻል። አቶ ምንተስኖት ናቸው፤ ሰልፉ እየጠበቀ ነው።

አላነሣችውም። የወንድሟን መዳፍ ከመስታወቱ ላይ አላነሣችም። ማሽኑ በየደቂቃው ያንኑ ይደጋግማል፤ ልብዎ አልተረጋጋም፣ ልብዎ አልተረጋጋም። ይህን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ስትነግረው የኖረችው እንደ ክልከላ ነበር። የምሥራች ሊሆን እንደሚችል ያን ዕለት ገና ሰማችው፤ እስኪበቃት ድረስም አዳመጠችው።