የደወልኩበት ሰዓት

እኔና ቶኩማ የተዋወቅነው በጀሪካን ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውሃ ጠፍቶ ሃያ ሊትር እየጎተትኩ ስመጣ፣ ደረጃው ስር ሁለት ሰዎች ቼዝ ይጫወታሉ። አንዱ የአራተኛ ፎቁ ጋሽ ዘነበ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ሌላው አንድ ቀጭን ልጅ። ጀሪካኔ ቦርዱን መታው፣ ንጉሡም ፈረሱም መሬት ላይ ተበተነ።

ጋሽ ዘነበ ሊያሸንፉ ሁለት እርምጃ ነበር የቀራቸው፣ እስከ አያቴ ድረስ ወረዱብኝ። ልጁ ግን ዝም ብሎ እየለቀመ አንድ በአንድ እንደነበሩ ደረደራቸው። የሚሸነፍበትን ጨዋታ እኮ ነው!

«እንዴት አስታወስከው?» አልኩት።

«አንቺ ቤትሽን ትረሺያለሽ?» አለኝና ቀና ብሎ አየኝ። በቃ... አለቀልኝ።

የቶኩማ ሕልም አንድ ነበር፣ ግራንድ ማስተር መሆን። በቼዝ ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። እኔ ለማትሪክ ሳጠና እሱ አጠገቤ ቦርዱ ላይ ያፈጣል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እጠጣለታለሁ።

ውድድር ላይ የተጫዋች ስልክ ከጮኸ አለቀ፣ ዳኛው ሰዓቱን አቁሞ ጨዋታውን ለተጋጣሚው ይሰጠዋል። ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው። ስለዚህ ሁሌ ከመግባቱ በፊት ስልኩን ከነፓስወርዱ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እኔ ግን እንደ ቀለበት ነበር የማየው።

የማጣሪያው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። አንደኛ የሚወጣው ውጭ ሄዶ ይወዳደራል፣ ማዕረግ የሚጀመረው ከዚያ ነው። አዳራሹ በር ላይ እንደልማዱ ስልኩን ሰጠኝ። ወዲያው ቴክስት ገባ። ሴና ከምትባል ልጅ። «እስካሁን አልነገርካትም? እስከ መቼ ነው የምትደብቃት?» ይላል።

ደሜ ፈላ። ሴና ማናት ስለው የቼዝ ክለባችን ልጅ ናት አለ። ምንድን ነው የምትደብቀኝ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከጨዋታው በኋላ ሁሉንም እነግርሻለሁ ሩሃማ። አሁን ጭንቅላቴን አትበጥብጪው።»

«እሷ ትያዝልህ!» ብዬ ስልኩን ደረቱ ላይ ወረወርኩት። ስሙ እየተጠራ ነበር። ጃኬቱ ኪስ ከተተውና ሮጦ ገባ።

ወደ ቤት አልሄድኩም። በመስኮቱ ቆሜ አየዋለሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። አንዲት ቆንጆ ልጅ እየሳቀች ወጥታ ለጓደኛዋ፣ አቻ ቢወጣ እንኳን ይበቃው ነበር፣ ቶኪ ግን እያሸነፈ ነው አለቻት። ሴና መሆኗ ገባኝ። ቶኪ! እኔ ብቻ ነበርኩ እንደዚያ የምጠራው።

ስልኬን አወጣሁ። እጄ ተሳስቶ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልተሳሳተም፣ ደወልኩለት። «አጥፍቶታል፣ አይጮህም» አልኩ ለራሴ። ውስጤ ግን እንዲጮህ ፈልጎ ነበር።

ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ዳኛው መጥቶ ሰዓቱን አቆመ፣ ተጋጣሚው ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ቶኩማ ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን አየ። ከዚያ በመስኮቱ እኔን።

ሴና ነች ቀድማ አጠገቤ የደረሰችው። በእጄ የያዝኩትን ስልክ አይታ ሁሉም ገባት።

«እንኳን ደስ ያለሽ። አይሄድም» አለችኝ።

የት እንደማይሄድ አላወቅኩም ነበር። እሷ ነገረችኝ። ካሸነፈ ውጭ አገር እዚያው የሚያስቀረው አሰልጣኝ አግኝቶ ነበር፣ ለአንድ ዓመት። ሳምንቱን ሙሉ ሴናን እንዴት ብዬ ልንገራት እያለ ሲያስጨንቃት ከርሟል። አትሂድ እንዳልለው ፈርቶ ነበር። ዓመት ትጠብቂኛለሽ ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነበር።

ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ደረጃው ስር ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት።

«ይቅርታ በለኝ ቶኪ» አልኩት።

«ስትደውዪ ጨዋታ ላይ እንደነበርኩ ታውቂ ነበር?»

«...አውቅ ነበር።»

«ከጮኸ እንደምሸነፍስ?»

መዋሸት እችል ነበር። በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ።

«አላውቅም ነበር ብትዪኝ አምንሽ ነበር እኮ» አለኝ። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። ተነስቶ ወጣ።

ጋሽ ዘነበ ዘንድሮም ተጫወት ብለው ለመኑት፣ ክለቡም ሰው ላከ። እምቢ አለ። አሁን ጌጃ ሰፈር በአጎቱ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ያ ተጋጣሚው ውጭ ሄዶ የመጀመሪያ ማዕረጉን እንዳገኘ ሴና ፖስት አድርጋ አየሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሳሙና እኛ ሕንፃ ስርም ይሸጣል፣ ታውቃላችሁ ለምን እንደሄድኩ። ቀሚሴን ሦስት ጊዜ ቀይሬ ነው የወጣሁት። ሲያየኝ ይናደዳል፣ ወይም ያባርረኛል ብዬ ነበር። ለሱም ተዘጋጅቼ ነበር።

«ምን ልስጥሽ እህት?» አለኝ።

ቀድማኝ ለገባችው ሴትዮ ያላትን፣ በዚያው ድምፅ። ሳሙናውን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። አሁንም አልሄድ ስለው በትሕትና ጠበቀኝ።

«ሌላ የምጨምርልሽ አለ?»

የለም አልኩት።