የሚጮኸው ሳጥን

አብዱልጀሊል የተገኘው በገዛ ማረፊያ ቤቱ ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የተመታው ከኋላው ነበር። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ሳለ ማሽላ ይመዘንበት የነበረው የሚዛን ብረት እግሩ ስር ወድቋል። ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የዋይፋዩ ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ጌታው ሞተ ብሎ ሥራውን አላቆመም።

ኢንስፔክተር ከውሰር በማግስቱ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የከሚሴ ከተማም እንደ ልማዷ ከፖሊስ ቀድማ ፈርዳ ጨርሳለች፤ ገዳዩ ከማል ነው። ለምን ቢሉ፣ የማያውቅ የለም። አብዱልጀሊል ማረፊያ ቤት ከመክፈቱ በፊት ሴቶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ነበር። ከላካቸው አንዷ ኡሚ፣ የከማል እጮኛ፣ ሄዳ ዓመት ሳይሞላት በሳጥን ተመለሰች። ከማል መቃብሯ ላይ ቆሞ «ይህን ሰው ሳልበቀል አልሞትም!» ብሎ ሲጮህ ቀብረኛው ሁሉ ሰምቷል።

የኡሚ ወንድም ኸይረዲን ግን ይቅር ብሏል። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌ፣ አባጋር ሙሀመድአሚን፣ ዱአ አድርገው ኸይረዲንንና አብዱልጀሊልን ከአንድ ገበታ አብልተዋቸዋል። አባጋር ፊት የወረደ እርቅ ያፈረሰ ሰው በወሎ ምድር ሰላምታ የሚመልስለት እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ኸይረዲንን የጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም በቅርብ ጉርብትናው ሁሉም ያደንቀው ነበር።

የሟቹ ወንድም ዓብዱ ከጨፋ ሮቢት የመጣው ክላሹን አንግቶ ነው። የሬሳውን ፊት ገልጦ አየና ወደ ከውሰር ዞረ።

«የወንድሜን ደም ሳልመልስ ሀዘን አልቀመጥም፤ ወላሂ! የያዛችሁትን ከማልን ብትለቂው ጎዳናው ላይ አገኘዋለሁ። ብታስሪውም የሚፈታበትን ቀን እጠብቃለሁ።»

ከውሰር አልተቆጣችም። ተወልዳ ያደገችበት አገር ነውና ዛቻን ከፉከራ ትለያለች፤ ይህ ሰውዬ የሚለውን የሚያደርግ ነበር። ከእጇ ያለው ነገር የአንድ ወጣት ነፍስ እንደሆነ ያኔውኑ ገባት።

ቢሮውን ዞራ አየችው። ሁለት በር አለው። የፊተኛው ወደ ግቢው ይወጣል፤ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ዘመድ የገባው ሰብሮት ነው። የኋለኛው የብረት በር ወደ ጠባቧ መተላለፊያ ይወጣል፤ መወርወሪያው ተከፍቷል። ከመተላለፊያዋ ማዶ የኸይረዲን ቤት ነው። በመካከል የድሮው መጋዘን ግድግዳ፣ ክንድ ሙሉ የሚወፍር ድንጋይ፣ ቆሟል።

የሟቹ ሚስት ዘሊካ ኩሽና ውስጥ በሴቶች መሀል ተቀምጣ ነበር።

«አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። ምን አየሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ። የአስር አዛን እንደተጀመረ ከማል ከፊት በር ወደ ውጭ ሲሮጥ አየሁት። ሌላ ሰው አላየሁም።»

«ሌላ ሰው አልመጣም?»

«ማንም። ኸይረዲን ብቻ አዛኑ እየተባለ በኢሞ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እቤቱ ነበር፤ ይኸው ስሚው።»

ስልኩ ተናገረ፦ «ዘሊካ፣ እቤት ነኝ። ከሰላት በኋላ ብቅ እላለሁ፤ ለአብዱልጀሊል ንገሪልኝ።» ከድምፁ ኋላ የጎረቤት ወፍጮ ዱብ ዱብ ይላል።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች ከውሰር። ደገመችላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና ጠየቀች፦ «የሞባይል ዳታ ነበር እንዴ ትናንት?»

«ዳታማ ከጠፋ ሰነበተ። ጎረቤቱ ሁሉ በኛ ዋይፋይ አይደል የሚኖር!»

ከማል ፖሊስ ጣቢያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ አገኘችው። በመስኮቱ ከመንገዱ ማዶ የዛፍ ጥላ ስር ዓብዱ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይታያል። ልጁ ወደዚያ ላለማየት ይታገላል።

«ለምን ሮጥክ?»

«ሰላት እንዳያመልጠኝ ነዋ! አብዱልጀሊል ለአስር ና ብሎኝ ነበር፤ ዋይፋዩን ዳግመኛ እንድነካለት። በሩን አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። አዛኑ ሲጀምር ወደ መስጊድ ሮጥኩ።»

«ትናንት ጠዋት ተጣልታችኋል ይባላል።»

«በሳጥኑ ነው የተጣላነው። መጀመሪያ ጎረቤት እንዳይሰርቀኝ ጉልበቱን ቀንስ አለኝ። ስቀንሰው ዳር ያሉት ክፍሎች እንግዶች ጮሁበት። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጨምር አለኝ። ጨመርኩለት። ምልክቱ የትም ሙሉ ሆነ፤ ግን አሁንም አይልክም ብሎ ሰደበኝ።»

«ሙሉ ከሆነ ለምን አይልክም?»

ከማል የእስረኛነቱን ረስቶ ቀና አለ። «ሳጥኑ ሲጮህ ስልኩ ይሰማዋል፤ ምልክቱ ሙሉ የሚሆነው ለዚያ ነው። ስልኩ ግን መልሶ መናገር አለበት፤ የሱ ድምፅ ደግሞ ትንሽ ነው። የሳጥኑን ጩኸት ብትጨምሪው የስልኩ ድምፅ አይጨምርም። ከወፍራም ግድግዳ ማዶ ስልኩ ይሰማል እንጂ አይሰማለትም። አስረዳሁት፤ ሰነፍ ነህ አለኝ።»

«አብዱልጀሊል ጀርባውን ሰጥቶህ ይቀመጥ ነበር?»

«ለኔ?» ከማል በምሬት ፈገግ አለ። «ስሠራ እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚያየኝ።»

ኸይረዲን ከውሰርን በሩ ላይ ተቀበላት። ጨዋ ሰው ነው፤ ጢሙ የተከረከመ፣ ልብሱ ንጹሕ።

«አካም ኦልታኒ፣ ኢንስፔክተር።» በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኸይረዲን። ትናንት በአስር የት ነበርክ?»

«እዚችው፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ። ለዘሊካ መልእክት ልኬ ሰገድኩ። ጩኸት ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። ጎረቤቴ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።»

«እህትህን የሸጠ ሰው ነው።»

ፊቱ አልተለወጠም። «ይቅር ብዬዋለሁ። አባጋር ምስክሬ ናቸው።»

«ዋይፋዩ እዚህ ድረስ ይመጣል?»

«ሙሉ ነው እንጂ! እይው።» ስልኩን አሳያት። እውነትም ሙሉ ነበር። ከውሰር የይለፍ ቃሉን ተቀብላ በራሷ ስልክ ለሃምሳ አለቃዋ አጭር መልእክት ጻፈችና ላከች። ከጽሑፉ አጠገብ ትንሿ የሰዓት ምልክት ወጣች። ሻይ ቀረበላት፤ ጠጣች፤ ሰዓቷ አሁንም አለች።

ከውጭ ወፍጮው ዱብ ዱብ ሲል ቆይቶ በድንገት ጸጥ አለ። ወዲያው አዛን ተሰማ።

«ወፍጮው ምነው ቆመ?»

«ባለቤቱ አጥባቂ ሙስሊም ነው» አለ ኸይረዲን በኩራት። «ሙአዚኑ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሞተሩን ያጠፋል። አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም።»

ከውሰር አመስግና ወጣች። በመተላለፊያዋ ስልኳን እያየች ሄደች፤ ሰዓቷ አልጠፋችም። የቢሮውን የኋላ በር ገፍታ አንድ እግሯን ስታስገባ የሃምሳ አለቃው ስልክ ጢን አለ።

«ምነው ኢንስፔክተር፣ አጠገቤ ቆመው መልእክት ይልኩልኛል?» አለ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሁሉንም ኸይረዲን ቤት ሰበሰበቻቸው። ዘሊካ በኩሽናዋ እንድትቆይ፣ ስልኳንም ሃምሳ አለቃው እንዲጠብቅ አደረገች። አባጋር ሙሀመድአሚን ምርኩዛቸውን ይዘው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ከማል እጁ በካቴና ታስሮ ገባ። ዓብዱ ክላሹን አልሰጥም ስላለ በር ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከከማል ላይ አላነሳም።

«አጥፊው ታውቋል፤ ምን ቀረን?» አለ ዓብዱ።

«አንዲት መልእክት ቀረችን» አለች ከውሰር። «ኸይረዲን፣ የትናንት ወዲያውን ቃል እንደዚያው ተናገርና ለዘሊካ ላክ።»

ኸይረዲን ሳቅ ብሎ ስልኩን አነሳ። «ዘሊካ፣ እቤት ነኝ…» ወፍጮው ከኋላው ዱብ ዱብ ይላል። ላከው።

«ምልክቱ እንዴት ነው?»

«ሙሉ።»

«መልእክቱስ?»

ከውሰር ስልኩን ተቀብላ ለአባጋር አሳየቻቸው። «ይቺን ትንሽ ሰዓት ያዩዋታል፣ አባባ? አልሄደም ማለት ነው። ሳጥኑ ከዚያ ማዶ ይጮሃል፣ ስልኩ ይሰማዋል። ስልኩ ግን ሲያንሾካሹክ ሳጥኑ አይሰማውም። አብዱልጀሊል ጩኸቱን አስጨመረው፤ የሹክሹክታው ነገር ግን በሱ እጅ አልነበረም። ከዚህ ቤት ምንም አይላክም።»

«ትናንት ወዲያ ግን ተልኳል» አለ ኸይረዲን። «ዘሊካ ሰምታዋለች።»

«ሰምታዋለች። መቼ? አዛን እየተባለ። እስቲ ትናንት ወዲያ የተቀዳውን እዚሁ ስልክህ ላይ እናዳምጥ፤ አዛን አለበት?» ድምፁን ከፈተችው። ዱብ ዱብ፣ ወፍጮ ብቻ። «አዛን ሲባል ወፍጮው ይቆማል፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። ስለዚህ የተናገርከው ከአዛን በፊት ነው፣ የደረሳት ደግሞ በአዛን። በመሀሉ መልእክቱ የት ነበር? ኪስህ ውስጥ ነበር። ሳጥኑን የሚያገኝበት ቦታ እስክታደርሰው ይጠብቅ ነበር። አሁን ተከተሉኝ።»

ስልኩን ከፍ አድርጋ ወጣች፤ ሁሉም ተከተሏት። መተላለፊያዋ ላይ ሰዓቷ አለች። ድንጋዩ ግድግዳ ጥግ ላይም አለች። ከውሰር የኋላውን በር ከፍታ ቢሮው ውስጥ አብዱልጀሊል የሞተበት ወንበር ጀርባ ስትቆም፣ ከኩሽናው የዘሊካ ስልክ ጢን ሲል ሁሉም ሰማው።

«ይህን በር አብዱልጀሊል የሚከፍተው ለማን ነው?» አለች። «ለከማል? ከማልን ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚጠብቀው። በዚህ በር አስገብቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጠው ከአንድ ገበታ አብሮት ለበላ፣ ይቅር ላለው ሰው ነው። ኸይረዲን፣ ከቤትህ ሆነህ ስትልክ የሄደልህ መስሎህ ስልኩን ኪስህ ከተትክ። መልእክትህ የሄደው እዚህ ቆመህ ብረቱን ስታነሳ ነው።»

አባጋር ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። «ዱአ አድርጌበታለሁ! እጅህን ይዤ ነው ያስማማሁህ!»

«እጄን ነው የያዙት፣ አባባ» አለ ኸይረዲን። ጨዋው ፊት አሁን ሌላ ሆኗል። «ልቤን አልያዙትም። እንደ ዘመድ እያጎረስኩት ቀን ስቆጥር ኖሬያለሁ። አልጸጸትም፤ ደስ ብሎኛል።»

«ከማልንስ?» አለች ከውሰር። «ለአስር እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ዓብዱ እንደሚገድለውም ታውቅ ነበር።»

«አዎ፣ ይገድለው! ኡሚን ‹ሂጂ፣ ቤት ሠርተን እንጋባለን› ያላት ማን ሆነና? እሱ አይደል? ደላላው ወሰዳት፤ የላካት ግን እሱ ነው። አንዱን በእጄ፣ አንዱን በሰው እጅ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።»

ከማል በካቴና የታሰረ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «እውነት ነው» አለ። «ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«በመጨረሻው ቀን ኡሚ ደወለች» አለ ኸይረዲን፤ የሚናገረው ለማንም አልነበረም። «በኢሞ። ፊቷ ይታየኛል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የኔን ትሰማለች፤ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። እኔ ‹ምን አልሽ? ምን አልሽ?› እያልኩ ጮኽኩ። በጮኽኩ ቁጥር ድምፅዋ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ዓብዱ ክላሹን አነሳ። አፈሙዙ ከከማል ላይ ተነስቶ ኸይረዲን ደረት ላይ ቆመ። ከኩሽናው የመጣው ሃምሳ አለቃ ሽጉጡን ሲነካ ከውሰር በእጇ ከለከለችው።

«ተኩስ» አለ ኸይረዲን፤ ፈገግ አለ። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ።»

ዓብዱ ረጅም ጊዜ አየው። መንገድ ላይ የጠበቀውን፣ ጠላቴ ያለውን፣ ሊገድለው አፍታ የቀረውን ወጣት ደግሞ ዞሮ አየ። ከዚያ የክላሹን የጥይት ካርታ አውጥቶ፣ ሁለቱንም ለከውሰር ሰጣት።

«አልማርኩትም» አለ። «እስከ ዕለተ ሞቴ አልምረውም። ግን በኔ እጅ ሰው ሊያስገድል ነበር። የሱን ሥራ አልሠራለትም።»

ከውሰር የከማልን ካቴና ፈትታ ኸይረዲን እጅ ላይ አደረገችው። ዓብዱ ወደ ግቢው ወጣ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ሳይቀመጥበት የሰነበተው ምንጣፍ ላይ ከለቀስተኞቹ መሀል ቁጭ አለና አለቀሰ።