ክፍተት የሌለው ትምህርት

ማክሰኞ ጠዋት የሦስተኛ ክፍል ልጆች የስምንትን ብዜት በአራት ደቂቃ ታትመው ጨረሱና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። በቀይ አምባ፣ በማርስ አፈር ሥር በተቆፈረው ከተማ፣ ትምህርት ማለት እንዲህ ነበር። ልጁ «ማኅተም» የሚሉትን ቀጭን የግንባር ማሰሪያ ያጠልቃል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ይቆያል፤ ማሰሪያው ትምህርቱን በአእምሮው ላይ ያሳርፈዋል፤ ሲያወልቀው ያውቃል።

በማኅተሙ የሚያልፈውን ትምህርት የምታዘጋጀው ይርገዱ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ዐረፍተ ነገር ካገኘች ከምስር ውስጥ እንደተገኘ ጠጠር ለቅማ ታወጣዋለች። «ልጅ የሚሳሳተው እኛ ክፍተት ስንተውለት ነው» ትል ነበር። ቃሏን የሚጠራጠር አልነበረም።

በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ የአደጋ ደወል ጮኸ።

በታችኛው ጉድጓድ የአየር መግፊያው ፈንድቶ ኖሮ ከተማው በሙሉ ተናወጠ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ መምህር ልሳኑ ለደቂቃ ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብለው ሳለ ከጣሪያው የወደቀ ብረት መታቸውና ራሳቸውን ሳቱ። አሥራ ሰባቱ ልጆች ግን አልተደናገጡም። ባለፈው ወር የታተመባቸውን አደረጉ፤ የክፍሉን ወፍራም በር ዘጉ፣ ከውስጥ ቀረቀሩት፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ይርገዱ ስትደርስ ርዕሰ መምህሩን አቶ ድንበሩን በሩ ላይ ካለው መስታወት ተለጥፈው አገኘቻቸው። ከኋላቸው ወላጆችና ሠራተኞች ተሰብስበዋል።

«እዚህ ያለው አደጋ አልፏል» አሏት። «የክፍሉ የአየር ቱቦ ግን ተሰንጥቋል። ውስጥ ያለውን አየር እየመጠጠው ነው። ቢቆዩ ሃያ ደቂቃ ቢቆዩ ነው።»

«ታዲያ ክፈቱ በሏቸዋ!»

«ብለናቸዋል፣ ወይዘሮ ይርገዱ። እስኪ አንቺ ሞክሪ።»

ከበሩ ጎን ትከሻዋን አስደግፋ መነጋገሪያውን ተጫነች። «ልጆች፣ እኔ ነኝ፣ ይርገዱ። ቶሎ በሩን ክፈቱ።»

ከፊት የተቀመጠች ዘቢደር የምትባል ልጅ በትሕትና ፈገግ አለች። «እትዬ ይርገዱ፣ እርስዎ መምህራችን አይደሉም። የምንከፍተው ጋሼ ልሳኑ በሩ ላይ ቆመው ሲጠሩን ነው።»

«ጋሼ ልሳኑ ታመዋል። መናገር አይችሉም።»

«እንደዚህ የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት ተብለናል።»

ይርገዱ መነጋገሪያውን ለቀቀች። ቃሉ የራሷ ነው። የሚያለቅስ ሰው ቢለምናችሁ አትመኑ። የተቀዳ ድምፅ አትመኑ። ወላጅ ቢሆንም አትክፈቱ። እያንዳንዱን ቀዳዳ አንድ በአንድ የደፈነችው እርሷ ናት።

አንዲት እናት መስታወቱን በጡጫ እየደበደበች የልጇን ስም ትጠራ ጀመር። ናሆም፣ ናሆም! ልጁ አያት፤ እጁንም አውለበለበላት። ከወንበሩ ግን አልተነሣም።

የደህንነት ሠራተኛው ጉግሳ ታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። እዚያ መገናኛው ስለተቋረጠ የሚጠራው ሰው በእግሩ ሮጧል። ይርገዱ ከእጅ ሰሌዳዋ በልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ወደሚበሩት ሰሌዳዎች ጽሑፍ ላከች፦ «የአደጋው ትምህርት ተሽሯል። በሩን ክፈቱ።» ልጆቹ በአንድ ድምፅ አነበቡት። በአንድ ድምፅም «አንከፍትም» አሉ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ናሆም ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ከጎኑ ያለችውም ተከተለችው። የሌሎቹ ከንፈር እየጠቆረ ነበር፤ እጃቸው ግን እንደተጣጠፈ ነው። ከአሥራ ሰባት ልጅ አንድ እንኳ «ምን ሆነን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት። ትእዛዝን በትእዛዝ ማሸነፍ አትችልም። ጥያቄ እንዳይመልሱ ግን አልከለከለቻቸውም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጥያቄ ጽፋ አታውቅምና። በእጅ ሰሌዳዋ ጻፈች፦ «ናሆም ለምን ተኛ?» ከሥሩ ባዶ መስመር ተወች።

ልጆቹ ሰሌዳውን አፍጥጠው አዩት።

«እትዬ፣ መልሱ የታለ?» አለች ዘቢደር።

«የለኝም። እናንተ ንገሩኝ።»

«መልስ የሌለው ትምህርት የለም እኮ!» አለ አንዱ፤ ድምፁም ተሰበረ።

«እንቅልፍ ይዞት ነው» አለች ሌላዋ።

«አይደለም፣ ከንፈሩን እዩት!»

አንድ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ዘቢደር ዞራ ናሆምን አየችው፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ የሚያፏጨውን ቱቦ አየች። «አየሩ እየወጣ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እትዬ... ሲያልቅስ? እኛስ?»

ይርገዱ መልሱን ልትነግራት ከጀለች፤ ግን ምላሷን ነከሰች። «እናንተስ?» አለቻት።

ልጅቷ ተነሣች። ወደ በሩ ስትራመድ አንድ የማይታይ ሰው ወደ ኋላ የሚጎትታት ይመስል ነበር። መወርወሪያውን ያዘች፣ ለቀቀች፣ እየጮኸች እንደገና ያዘችው። በሩ ተከፈተ።

አሥራ ሰባቱም እስትንፋሳቸው ሳይቋረጥ ወጡ። ናሆም የኦክስጅን ጭምብል ተደርጎለት ከቆየ በኋላ ዐይኑን ገለጠ፤ እናቱ ኮሪደሩ ላይ ዘርፈጥ ብላ አቅፋው ተንሰቀሰቀች።

ጉግሳ አቧራ ለብሶ፣ እያለከለከ የደረሰው ያኔ ነው። ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። ከዚያ ግራ ገባው።

«ግን ከውጭ ያልከፈታችሁት ለምንድን ነው?»

ከበሩ ጎን፣ በትከሻ ልክ፣ ቀይ እጀታ አለ። የትኛውም ሰው ቢስበው መወርወሪያው ይነሣል። ይርገዱ ያን ሁሉ ጊዜ ትከሻዋን ያስደገፈችው ከእርሱ አንድ ስንዝር ርቃ ነበር።

በሩ ላይ አሥራ አንድ አዋቂዎች ቆመው ነበር። ቀዩን እጀታ ከደህንነት ሠራተኛ በቀር ማንም አይነካም፤ ይህ ወደ ከተማው ለሚገባ አዋቂ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይታተምበታል። የጻፈችው ይርገዱ ናት። በራሷ ግንባር ላይ ቀድማ የሞከረችውም እርሷ ናት። እናትየው እንኳ መስታወቱን ስትደበድብ ወደ እጀታው አልዞረችም።

ይርገዱ እጇን ዘረጋች። አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ወደ ፊት ልትገፋው ታገለች፤ ግንባሯን ላብ አጠመቀው፤ እጇ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አልታዘዝ አላት።

«ይንኩት እንጂ፣ አይናከስም» አላት ጉግሳ በርኅራኄ።

«ፈቀድክልኝ ማለት ነው?» አለችው።

ምን እንዳለች የሰማችው ካለችው በኋላ ነበር።