ገብስ ሳይጨመር

ዳማ በየማታው የሚሰፈርላትን ገብስ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር ትበላለች፤ ታዲያ ጉልበቱ የት ይገባል?

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ይህን ከመስከረም ጀምረው ሲጠይቁ ታኅሣሥ ባተ። ጎረቤት ጠየቁ፤ ገበያተኛ ጠየቁ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ በቅሎዋን ራሷን ጠየቁ። መልስ አልተገኘም። የዳማ ጎድን ግን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር።

በቅሎዋ የሟች ባላቸው ነበረች። አሁን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ዓርብ ዓርብ ከአንኮበር አፋፍ ገብስና ባቄላ ተጭና ወደ አልዩ አምባ ገበያ ትወርዳለች፤ ቅዳሜ የመንደሩን ጨው ይዛ ትወጣለች። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስና የልጅ ልጃቸው አልታየች የሚኖሩት ከዚያ ጨው በሚደርሳቸው ድርሻ ነው። በሬ የላቸውም፤ ወንድ የላቸውም፤ ያለቻቸው ዳማ ናት። እሷም መውረዱን አልጠላችም። መውጣቱ ላይ ግን «ዳገት እርሟ፥ ሜዳ ወንድሟ» የሚባለው ደረሰባት። ሙሉ ጭነት ይቅርና ግማሹን ይዛ በየመታጠፊያው ትቆማለች።

ገብስ እንዳይጨምሩላት ገብሱ የለም። የዚያን ዓመት አዝመራውን በረዶ መትቶታል፤ የንጉሡ ግቢም ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ውስጥ ለችግረኛ እህል የሚያበድር ባለጸጋ ተመናምኗል።

መንደሩ መቼም መላ አያጣም። ገብረ ጻድቅ የሚባል፥ ሚስቱ የሞተችበት፥ ሦስት በቅሎ ያለው ነጋዴ አልታየችን ለጋብቻ ጠየቀ። ለአያቲቱ የሚሰጠው የአራት ዓመት ጉራች በቅሎ ነው። ሽማግሌው አያ ኪዳነ ማርያም ይህንን ነግረው፥ «ለመልሱ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

አልታየች ሰምታ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የገብረ ጻድቅ የመጀመሪያ ልጅ እኩያዋ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ እንደ ልማዳቸው ደጅ ቆመው ሲጠብቁ፥ ዳማ ባዶዋን ብቅ አለች። ከኋላዋ አልታየች፤ ከአልታየች ኋላ ደግሞ ጨዉን በትከሻው የተሸከመ ጎረምሳ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«መንገድ ላይ ዳማ ተኛችብኝ፥ እማማ። እሱ ባይደርስልኝ እዚያው ቀርቼ ነበር።»

«ማነው አልኩሽ።»

ልጁ ጨዉን ደጃፉ ላይ አወረደና ራሱ መለሰ። «ወልደአረጋይ እባላለሁ፥ እሜቴ። የሰላ ድንጋይ ሰው ነኝ፤ ለሥራ መጥቼ እዚሁ አንኮበር ከርሜያለሁ። የባለ እጁ የኃይለ ገብርኤል ልጅ።»

ባለ እጅ ሲል ቀጥቃጭ ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን ቀጥቃጭን ማረሻ ያሠሩታል እንጂ ቤት አያስገቡትም፤ ዓይኑ ይበላል፥ ቡዳ ነው ይባላል። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ልጅቱን ወደ ኋላቸው ሳቧት። ቀጥለው የዳማን አንገት ዳሰሱ። ክታቡ አለ። በወፍራም ቀይ ቆዳ የተሰፋ፥ በጠፍር የታሰረ ክታብ ነው። በቅሎዋ መክሳት ስትጀምር እሳቸው አሰሩላት፤ በከሳች ቁጥር ደግሞ ጠፍሩን አንድ አንድ ጣት ያሳጥሩት ነበር። የላላ ክታብ ምን ይጠብቃል ብለው።

ወልደአረጋይ ክታቡን ሲዳስሱ አየና ፊቱን መለሰ። ከዚያ ዳማ የጣለችውን ፋንድያ በበትሩ ጫፍ ፈርከስ አደረገው።

«እሜቴ፥ የጠፋው ገብስ ይኸውና።»

ጎንበስ ብለው አዩ። ፍሬው እንዳለ ነው። አልታኘከም፤ አልተሰበረም፤ ቢዘሩት ይበቅላል።

«ትውጠዋለች እንጂ አታኝከውም» አለ። «በቅሎ ሲያረጅ የመንጋጋው ጠርዝ ይሾልና ጉንጩን ይወጋዋል። ገብስ አይጨምሩላት። የምትበላው ሆዷ ውስጥ እንዲቀር ይደረግ።»

«በምን?»

«በሞረድ።»

«የቀጥቃጭ ብረት በበቅሎዬ አፍ ሊገባ?»

«ብረቱስ ደህና ነው፤ እኔ የፈራሁት ለጣቴ ነው» አለ።

አልታየች ሳቀች። አያቷ ዞር ብለው ቢያዩዋትም ሳቁ ቶሎ አልቆመም። ይህን ሳቅ ከመስከረም ወዲህ አልሰሙትም ነበር፤ ስለዚህ ሌሊቱን ያስጨነቃቸው የበቅሎዋ ጥርስ ብቻ አልሆነም።

ሁለት ቀን ካሰቡ በኋላ ፈቀዱ። ምን ያድርጉ፤ ጥርሱን ሊሞርድ የሚችል ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አባታችን ሆይ ይደግማሉ። አልታየች የዳማን ራስ አቅፋ ይዛለች። ወልደአረጋይ ምላሷን በጨርቅ ይዞ ወደ ጎን አውጥቶ፥ ሞረዱን በዝግታ ይገፋል፥ ይስባል።

«አያቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ‹አባቱ ምን ዓይነት ሰው ነው› እያለች ትጠይቃለች» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እንደ በቅሎዋ ‹አጎቴ ፈረስ ነው› ብሏል በያቸው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከድንጋዩ ላይ።

«እንዲሰሙኝ ብዬ ነው፥ እሜቴ።»

አልታየች ፊቷን በዳማ ጋማ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ማክሰኞ ይመጣ ጀመር፤ ሥራ አላጣም። ገብሱን አልታየች በወፍጮ ክክ ብቻ እንድታደርገው አሳያት። ውኃ ከገብስ በፊት እንጂ ከገብስ በኋላ እንዳይሰጣት ነገራቸው፤ ውኃው ያልተፈጨውን ጠርጎ ይሄዳል አለ። የጭነቱን ኮርቻ ደግሞ ፈታው። ኮርቻው ዳማ ወፍራም ሳለች የተሠራ ስለሆነ አሁን ወደ ወገቧ እየተንሸራተተ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይጎትታታል። እንጨቱን ጠርቦ አቀለለው፤ በገለባ የተሞላ ጨርቅ ከሥሩ አደረገለት፤ ጭነቱ ወደ ትከሻዋ ቀረበ።

በጥምቀት ሰሞን ዳማ ከሙሉው ጭነት ከአራት ሦስት እጁን ይዛ ወጣች። ገብሱ ያው ነው፤ አንድ እፍኝ አልተጨመረም። ፋንድያዋን ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በየጠዋቱ ይመረምራሉ፤ ፍሬ የለበትም። የመጨረሻው ዳገት ላይ ግን አሁንም ትቆማለች። አፏን ከፍታ፥ ታፍና፥ ዓይኗ ቀልቶ።

ሌላም ነገር ይመረምሩ ነበር። አልታየችና ልጁ ሲገናኙ አይተያዩም። እሱ ኮርቻውን እያየ ያወራታል፤ እሷ ወፍጮውን እያየች ትመልስለታለች። ቢተያዩ ለእሳቸው ይሻል ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠፍር ስታቀብለው ጣታቸው ተነካካ፤ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሥራቸውን ረሱት። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሳል ሳይኖራቸው ሳሉ።

ከአስተርእዮ በፊት ያለችው ዓርብ ደረሰች። ዳማ ሙሉ ጭነት ይዛ ካልወጣች የመንደሩ ሰው ጨዉን ለሌላ ይሰጣል። ያን ጊዜ የገብረ ጻድቅን ጉራች እምቢ ለማለት አፍ አይኖራቸውም። ወልደአረጋይም ዳገቱን ሊያግዝ አብሮ እንደሚወጣ ተናግሯል።

«እኔም እወርዳለሁ» አሉ።

«እማማ፥ በዚህ ጉልበትሽ?»

«ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር ብቻሽን ስትወጪ የመንደሩ ሰው ያላየሽ ይመስልሻል? አይቷል።»

ወረዱ፤ አደሩ፤ ጨዉን ጭነው ቅዳሜ ጠዋት መውጣት ጀመሩ። ወልደአረጋይ ፊት ፊት ይሄዳል፤ አልታየች ዳማን ትስባለች፤ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ምርኩዛቸውን ይዘው ይከተላሉ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ዳማ ቆመች። እሳቸውም ቆሙ። ትንፋሽ አጠራቸው። ብርድ ፈርተው አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ነጠላ በሁለት እጃቸው ፈተው አየር ሳቡ፤ ቀለላቸው።

ቀና ሲሉ የዳማ አንገት ከፊታቸው ነው።

በቅሎዋ ለመውጣት አንገቷን ስትዘረጋ ጠፍሩ ጉሮሮዋ ውስጥ ይሰምጣል። ከሥሩ ጠጉሩ ተልጧል። እንዲያ አጥብቀው ያሰሩት እሳቸው ናቸው። አራት ጊዜ አሳጥረውታል።

ወደ ልጁ ዞሩ።

«አንተ ልጅ። ይህን አይተኸዋል?»

ወልደአረጋይ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«መቼ አየኸው?»

«የመጀመሪያ ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ስድስት ሳምንት ሙሉ እንስሳዋ ታንቃ!»

«እሜቴ» አለ፥ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፤ «የቀጥቃጭ ልጅ መጥቶ ክታቡን ፍቱላት ቢልዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

ምን እንደሚሉት ያውቃሉ። አልታየችም ታውቃለች። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ወደ በቅሎዋ ቀርበው በራሳቸው እጅ ጠፍሩን ፈቱ፤ አራት ጣት አስረዝመው መልሰው አሰሩት። ዳማ ሁለት ጊዜ አሳለች። ራሷን አወዛወዘች። ከዚያ ማንም «ሂጂ» ሳይላት ሙሉ ጭነቷን ይዛ ዳገቱን ተያያዘችው፤ ሦስቱ ሰዎች ናቸው ያልደረሱባት።

በአስተርእዮ ማግስት አያ ኪዳነ ማርያም መጡ።

«በቅሎ አልቸገረንም» አሏቸው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ።

«እሱንማ ሰማን። ቀጥቃጭ ደጃችሁን ሲመላለስበት እንደከረመም ሰማን። እንግዲህ ገብረ ጻድቅ ካልወሰዳት ማን ሊወስዳት ነው?» አሉና ተነሡ። «እስከ ነገ ያስቡበት። ሰውየው ደግ ሆኖ ነው የጠበቀዎት።»

ሽማግሌው ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ ወልደአረጋይ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ደፉን አላለፈም። አልታየች ከውስጥ፥ እሱ ከውጭ፥ በሩ ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ጓዳው አጠገብ መደብ ላይ ናቸው፤ ሁሉ ይሰማቸዋል።

«ሞረዱን ልወስድ ነው» አለ። «አባቴ ልኮብኛል። ነገ ወደ ሰላ ድንጋይ እሄዳለሁ።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ዳማ ድናለች። ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

«ምን ብለህ እንደሆነ አታውቅም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ሽማግሌ ላክ።»

«ማንን? ለእኔ ብሎ የጨዋ ሰው ደጅ የሚቆም ሽማግሌ የት አለ? ሁለት ሰው ለመንኩ። አንደኛው ሳቀብኝ፤ ሁለተኛው ሊመታኝ ተነሣ።»

«አያቴን ራስህ ንገራት። አሁን እኮ ታምንሃለች።»

«መልካም ሰው ናቸው። ግን አልታየች፥ ውኃ የሰጡኝን ቅል እኔ ስሄድ ይሰብሩታል። በየማክሰኞው አዲስ ቅል ነው የሚሰጡኝ። ስብርባሪውን ከአጥሩ ሥር አየዋለሁ።» ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። «አልተቀየምኩም። ግን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?»

አልታየች እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሞረዱን ከግድግዳው አንሥታ ሰጠችው። እሱ ጫፉን ያዘ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም። እንደዚያው ሞረዱን በሁለት ወገን ይዘው ቆሙ።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከመደባቸው ተነሡ። ቅሉን የሚያይ ሰው ያለ አልመሰላቸውም ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው መሪጌታ ወልደተንሣኤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው የሚኖረው። እሱ ለዚህ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ እዚህ ደጅ ቢቆም፥ በደብሩ ውስጥ አፉን የሚከፍት አይኖርም። ግን ሄዶ የሚለምነው ማነው? የልጅቱ ወገን በራሱ ደጅ ላይ ሽማግሌ ሲልክ ታይቶ አይታወቅም። ሰው ምን ይላል? ማኅበሩስ ያስወጣቸው ይሆን? የሚወለዱትን ልጆች ምን ብለው ይጠሯቸዋል? እሳቸው ሲሞቱስ ማን ይከላከልላታል? ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባቸው። አፋቸውን ከከፈቱ እምቢታው እንደሚቀድም ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደማቸው እሱ ነው።

ስለዚህ ነጠላቸውን ደረቡ፤ ምርኩዛቸውን ያዙ፤ ሁለቱ ዘወር ብለው መንገድ ሲለቁላቸው ምንም ሳይናገሩ ከቤት ወጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አቀኑ።