ያልተለመነው ጥማድ

ቤቱ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፊቱ የተጠመዱት በሬዎች ጉልበታቸው እስኪንቀጠቀጥ ጎተቱ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ከቤቱ ሥር የገቡት ሁለት ግንዶች ግን ጭቃው ውስጥ ሰመጡ እንጂ ፈቀቅ አላሉም። የያስና አባት እጁን አነሳና ሁሉም ቆም ብለው ተነፈሱ።

ያስና ከሰዎቹ ኋላ፣ የመስኮቱን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋ ቆማ ነበር። በቺሎዬ ደሴት ሰው ሰፈር ሲቀይር የእንጨት ቤቱን ራሱን በበሬ አስጎትቶ ነው ይዞት የሚሄደው። መስታወትና ምድጃ አስቀድሞ ይወጣል። ሌላው ሁሉ፣ በልጅነቷ ግድግዳው ላይ የሞነጫጨረችው ዓሣ ሳይቀር፣ አብሮ ይጓዛል።

«የዶን አርቴሚዮ በሬዎች የት ቀሩ?» አለ አንድ ጎረቤት። ከሽማግሌው በሬዎች ጋር የሚስተካከል ጥማድ በዚያ ባሕር ዳርቻ አልነበረም።

አባቷ ወደ ያስና ዞረ። «እመጣለሁ ብለዋል አላልሽኝም?»

«ብለዋል» አለች። ፊቷ እንደ ፍም ጋለ።

ዓመቱ ከመባቻው ጀምሮ ዕረፍት አልሰጣትም። መጀመሪያ አባቷ ሥራ ፍለጋ በመርከብ ወደ ደቡብ ሄደ፤ ወደቡ ላይ ቆማ እጇን ስታወዛውዝ መርከቡ ጉም ውስጥ ገባ። ክረምት ሲገባ እናቷ ከተማው ዳር ዓሣ ፋብሪካ ተቀጠረች። በዝናብ፣ በጨለማ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ አውራ ጎዳናው በእግሯ እየኳተነች ሳል ያዛት። ስለዚህ ቤቱ ወደ ጎዳናው እንዲጠጋ ተወሰነ፤ ያስናም ትምህርት ከሚከፈትበት ከመጋቢት ጀምሮ ከተማ ልትማር ነው። አላማከሯትም እንዳይባል አማክረዋታል፣ እሷም እሺ ብላለች። ሆዷ ግን እሺ አላለም።

ቤት የሚጎተተው በደቦ ነው፤ ደቦ ደግሞ ወግ አለው። ገንዘብ የሚከፍል የለም፤ የጠራ ያበላል፣ በተራውም ሲጠሩት ይሄዳል። ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው በየቤቱ በአካል ሄዶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ አፍ አውጥቶ መለመን አለበት። በስልክ መጥራት ንቀት ነው። አባቷ ከደቡብ እንደተመለሰ ቤቶቹን ለሦስት ተከፋፈሉ። የዶን አርቴሚዮ ቤት ለያስና ደረሰ፤ የልጅ ልጃቸው ሮሲዮ ዳዴ ካሉበት ጊዜ ጀምሮ የልብ ጓደኛዋ ናትና።

ችግሩም እሱ ነበር። ያስና ስለ መሄዳቸው ለሮሲዮ ትንፍሽ አላለችም። «ካንቺ ልርቅ ነውና በሬያችሁን አውሱኝ» ተብሎ እንዴት ይለመናል? እስከ አጥሩ በር ሄደች። ውሻቸው አውቋት ጭራውን ሲቆላ ልቧ ፈሰሰና ተመለሰች። ለአባቷ «እሺ ብለዋል» አለችው። ነገ እሄዳለሁ ብላ ነበር፤ ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ ይዞ መጣ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

አሁን ሰማዩ በባሕሩ በኩል ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደማቸው ቤቱ ተንሸራቶ ቁልቁል መውረዱ ነው።

«ሰውየው አርጅቷል» አለ ያው ጎረቤት። «ቃሉም አብሮት አረጀ መሰለኝ።»

ጥቂቶች ሳቁ። ያስና ግን ጎረቤቱን ቀና ብላ አየችው። ዶን አርቴሚዮ በጋሪያቸው ትምህርት ቤት ያመላለሷት ሰው ናቸው፤ በሕይወታቸው ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። እሷ ዝም ባለች ቁጥር የእሳቸው ስም እየጎደፈ ነው። መስታወቱን ለእናቷ ሰጠች።

«አባዬ፣ አልለመንኳቸውም» አለች። ድምጿ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። «በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ምንም አላጠፉም።»

አባቷ አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«የተላክሽው አንቺ ነሽ» አላት። «ሂጂና ለምኚ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «እናንተም ያላችሁትን ዋጡት» አላቸው።

ያስና ቁልቁል ሮጠች። አጥሩ ዘንድ ስትደርስ ግን እግሯ ቀጥ አለ። ሁለቱ በሬዎች ግቢው መሐል ተጠምደው ቆመዋል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ቀንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዶን አርቴሚዮ የክት የሱፍ ቆባቸውን አድርገው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሮሲዮ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ባሕሩ ታያለች።

ያስና ገብታ ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዶን አርቴሚዮ፣ ለልመና ነው የመጣሁት። ቤታችን ዳገቱ ላይ ቆሟል። መምጣት የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። በሬዎችዎን ይዘው ይድረሱልን።»

«ከንጋት ጀምሮ ተጠምደዋል» አሏት። «ያልተለመነ ሰው የሰው ደቦ ውስጥ አይገባም፣ ልጄ። ስጠብቅሽ ነው ያረፈድኩት።»

የያስና እንባ ዱብ ዱብ አለ። ሽማግሌው እንዳላዩ ሆነው ገመዱን ለማስተካከል ተነሡ።

«በጣም ፋራ ነሽ» አለች ሮሲዮ፣ አሁንም ባሕሩን እያየች። «ግንዱን ከቤታችሁ ሥር ሲያስገቡት ከመስኮቴ ይታያል እኮ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ሳምንቱ አለቀ።»

«ስነግርሽ እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው።»

«እና አሁን ውሸት ሆነ?» ሮሲዮ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል። የበሬ መንጃውን ዘንግ አነሳች። «ነይ በቃ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን።»

የዶን አርቴሚዮ ጥማድ ከፊት ሲገባ ያ አፈኛ ጎረቤት ቆቡን አወለቀና ገመዱን ከእጃቸው ተቀበለ። ሰዉ ባንድ ድምፅ ጮኸ። ቤቱ ሲጥጥ አለ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያም ጭቃውን ለቆ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ዝናቡ የጣለው ቤቱ ጎዳናው ዳር አዲሱ የመሠረት ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ድስቱ ተጥዶ፣ የድንች ዳቦው ተቆርሶ፣ የፖም ጠጁ እየተቀዳ ነበር። ያስና ከአባቷ ጋር መስታወቱን ቦታው መለሰች። ድሮ በዚያ መስኮት የእነሮሲዮ ጭስ ማውጫ ይታይ ነበር። አሁን የሚታየው አስፋልትና የአውቶቡስ ፌርማታ ነው።

በሩ ተንኳኳ፤ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ። ሮሲዮ ናት። ገባችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ትልልቆቹ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አልሳቀችም።

«ለልመና ነው የመጣሁት» አለች። «በሚያዝያ ድንች እናወጣለን። ዘንድሮ ሰው ያንሰናል።»

ያስና «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። አዲሱን ትምህርት ቤት፣ ከዚህ እስከ ባሕሩ ያለውን ረጅም መንገድ፣ የሚያዝያን ዝናብ አሰበች። ሾርባ ቀድታ እንግዳዋ ፊት አስቀመጠችና ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«እመጣለሁ። ዓርብ መጥቼ እናንተ ጋ አድራለሁ።»

ሮሲዮ ሾርባውን ፉት አለች። «ለአያቴ ልንገራቸው?»

«አይ፣ ተይ፤ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች ያስና። ዶን አርቴሚዮ ውጭ ለበሬዎቻቸው ድርቆሽ እያበሉ ነበር። ሹራቧን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ዝናቡ ወጣች።