በሟች ልጅ ስም የተሰየመችው ዛጎል

ስላይዱ አለ። መስታወቱ አለ። ዛጎሏ የለችም።

ኢንስፔክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ባዶውን ቦታ አየ። "የተሰረቀ መኪና ማግኘት አቅቶን ለዚህች ነው የጠራችሁኝ?"

"ከአሸዋ ቅንጣት ታንሳለች" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ግን የዝርያው መለያ ናሙና እሷ ናት፤ ዝርያው መኖሩ የሚመሰከረው በእሷ ነው። ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረት ነበረች፤ ከምድር ከጠፋች ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ስሟን ያወጣሁት በልጄ ነው። በሰባት ዓመቷ ሞተችብኝ።"

ስላይዱ የነበረበት የቤተ ሙከራው መሳቢያ አልተሰበረም። የቤት ሌባ ነው። ቁልፍ ያላቸው ፕሮፌሰሩና የጎረቤት ክፍሏ ተመራማሪ ዶክተር ብቻ ናቸው። ዶክተሯ ደግሞ "ይህ ዝርያ የለም፤ ገና ያላደገ የሌላ ዝርያ ዛጎል ነው" ብላ ከጻፈች ሰንብታለች።

"ዛጎሏን አትወጂያትም አሉ" አላት ኢንስፔክተሩ ዶክተሯ ክፍል ገብቶ።

"ዛጎል ይጠላል እንዴ?" ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። "እሷ ከጠፋች ምኑን አሳይቼ ልርታ? ደግሞ ክርክሩ አብቅቷል። ባለፈው ሳምንት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው 'ልክ ነሽ፤ ስሙን እሰርዛለሁ' ብለውኛል።"

ይህን ፕሮፌሰሩ አልነገሩትም ነበር።

ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ስላይዱን ዳግም አየ። ዛጎሏን የያዘው ሙጫ በውሃ ረጥቦ ለቅቋል። ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል የቀለም ጭረት አለች።

"እዚህ ቤት በቀለም የሚሠራ ማነው?"

ፕሮፌሰሩ ወደ ላይኛው ፎቅ አመለከቱ።

"ባለቤቴ" አሉ። "ዛጎሎቹን የምትስልልኝ እሷ ናት።"

ሚስትየው ላይኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ይስሉ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ብሩሹን ከእጃቸው አላወረዱም።

"እትዬ፣ የባለቤትዎን ቁልፍ ወስደዋል?"

"ከኮቱ ኪስ።" ቀና አሉ። "ዛጎሎቹን ከትንሿ እስከ ትልቋ በተርታ ሳዪልኝ አለኝ። ስዬ ስጨርስ ገባኝ። ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ሊል ነው። ልጄን አንዴ ቀብሬያታለሁ። ደግሞ በወረቀት ልቅበራት?"

"ታዲያ የት አደረጓት?"

ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጥቁር ሳህን ጠቆሙ። ዶክተሯ ያለችው የሌላኛው ዝርያ ትንንሽ ዛጎሎች እንደ ዱቄት ተበትነውበታል። በሺህ ይቆጠራሉ።

ፕሮፌሰሩ ተከትለው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። "እዚያ ውስጥ?"

"አንድ ናቸው አላልክም?" አሉ ሚስትየው። "ካልሆኑ ለይተህ አውጣት። አባቷ አይደለህ?"

ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ። ዛጎሎቹን በረጠበ ብሩሽ አንድ በአንድ እየገለበጡ አዩ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት። ኢንስፔክተሩ ሥራው አልቋል፤ እግሩ ግን አልሄድም አለው። አንዲት ሕፃን የሆነ ጥግ ተደብቃ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ እስኪያገኟት የምትጠብቅ መሰለው። ዞር ብሎ በሩን አየ። ማንም የለም።

በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ዓይናቸውን አነሱ።

"አላወቅኳትም" አሉ።

ሚስትየው መጥተው እጃቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

"እኔም በማግስቱ ልመልሳት ብዬ ፈልጌያታለሁ" አሉ። "አጣኋት።"