በአየር ላይ የቆመ መኪና

ለሊሳ ቁልፉን እጁ ላይ አልሰጠውም። አስፋልቱ ላይ ወረወረለት።

አስገዶም ጎንበስ ብሎ አነሳው። ሰባት ወር ሙሉ ቄራ ካለ ጋራዥ ውስጥ ቅባት የጠገበ ቱታ ለብሶ የኖረው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ፊቱን እንዳያዩ ነበር። አያዩም። ለእነሱ መካኒክ ማለት ጎማ ሥር የሚታይ ሁለት እግር ነው። አስገዶም የሚለውም እውነተኛ ስሙ አልነበረም። የሚሰልልለት ቢሮ የሚያውቀው «ሽቦ» ብሎ ነው።

«ምን ሆነ?»

«ቢጫ መብራት አብርቶ ይጮሃል። በቃ ዝም አሰኘው» አለ ለሊሳ። ሾፌርም ጠባቂም ነው። ሽጉጡ እንዲታይለት ጃኬቱን አይቆልፍም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ካዛንቺስ፣ ከፈረሱት ቤቶች ፊት ለፊት ያለ ሆቴል ጓሮ። ጥቁሩ መኪና ተነፋፍቶ ቆሟል። ለገደልና ለበረሃ የተሠራ መኪና ነው። ከገደል ሁሉ የሚያውቀው የሆቴሉን መግቢያ ብቻ ነው።

ትእዛዙ ቀላል ነበር። ያለበትን ቦታ የሚናገር መከታተያ ከመኪናው ሥር ለጥፎ መልቀቅ።

የመኪናው ባለቤት ፍሬሰላም ሰው የሚሰውር ደላላ ነው። ጽጌሬዳ የእሱ ሰነድ ጠባቂ ነበረች፣ በድብቅ ግን የደንበኞቹን ዝርዝር ለቢሮው ታሾልክ ነበር። ከእሁድ ጀምሮ ደብዛዋ ጠፍቷል። ከሰበታ ማዶ ፍሬሰላም እርሻ አለው። እዚያ የገባ ሰው ወጥቶ አያውቅም። የአስገዶም አለቃ ዘነበ ግን ጠዋት በስልክ አረጋግጦለታል። «ልጅቷ ባምቢስ አንድ ቤት ውስጥ ናት፣ ዛሬ ማታ እናወጣታለን። መኪናው ባዶውን ነው የሚሄደው። አንተ እርሻውን ብቻ አሳየኝ።»

የኋላው መስኮት ሁለት ጣት ያህል ተከፈተ። ፍሬሰላም ነው።

«አንተ፣ ለምንድነው የሚጮኸው?»

«ጌታዬ፣ ይቺ መኪና እንደሌላው ሞላ የላትም። የተሸከሟት አራት የጎማ ከረጢቶች ናቸው። ኮምፕረሰሩ አየር ይሞላቸዋል። ድንጋይ ላይ ከፍ ትላለች፣ አስፋልት ላይ ስትፈጥን ዝቅ ትላለች። እያንዳንዱ ጎማ ጋ ቁመቷን የሚለካ ሴንሰር አለ።»

«እና?»

«የሴንሰሩን ዘንግ አስቀይረው አታለውታል። ዝቅ ያለች እየመሰላት ሁሌ ትነፋለች። ኮምፕረሰሩ እረፍት አጥቶ ሊቃጠል ደርሷል።»

«ከፍ ስትል ነው የምታምረው።»

«ጎማዎቹም ከልኳ በላይ ናቸው። አየሯ የወረደ ቀን ከላያቸው ያለውን ፓራፋንጎ ይበሉታል ብዬ ነበር።»

«ስብከትህን ተወኝና ሥራ!»

ለገዛ መኪናው የሚዋሽ ሰው። አስገዶም በሆዱ ሳቀ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያስፈራራ ደላላ፣ የተቀመጠበትን አያውቅም።

መመርመሪያውን ሰካ። ቁጥሮቹ መጡ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ባዶዋን ሲለካት፣ የሁለቱም የኋላ ከረጢቶቿ ግፊት ሰባት ባር ነበር። አሁን ቀኙ ሰባት ነው። ግራው ስምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ሞላ ያለው መኪና ሲጫን ይጎብጣል፣ ማንም አይቶ ያውቃል። አየር ግን አያጎብጥም። ሸክሙ በጨመረ ቁጥር መኪናው አየር ጨምሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከውጭ ምንም አይታይም። ግፊቱ ብቻ ይናገራል።

በስተግራ የአንድ ሰው ክብደት አለ።

መኪናው ሥር ገባ። ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ወፍራሙ ብረት ተቆርጦ በስስ ቆርቆሮ ተተክቷል። ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ሳጥን ለማስፋት ነው። በመፍቻው ጫፍ ቀስ አድርጎ ነካው።

ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

እዚያው እንደተኛ ስልኩን አወጣና በሹክሹክታ ለዘነበ ደወለ። የሥራ ስልክ ነው፣ ንግግሩን ሁሉ ይቀዳል።

«ሽቦ ነኝ። ዕቃው መኪናው ውስጥ ነው።»

ዘነበ አልደነገጠም። «አውቃለሁ።»

«ባምቢስ ነው ያልከኝ።»

«ማለቴ... ስማ ወንድሜ፣ ብሎንህን አጥብቅና ይለፍ።»

«ይገድሏታል።»

«ሰውዬው የልጄን የውጭ ጉዞ ጨርሶልኛል። እኔም አባት ነኝ እኮ። ሁለት ዓመት ነው ለጡረታ የቀረኝ፣ አታስቸግረኝ።»

የዘነበ ዋጋ ይህችው ናት። በትልቅ ዋጋ የተሸጠ ከሃዲ ቢሆን ኖሮ አስገዶምን በተሻለው ነበር።

ብቻውን ነው። ለሊሳ ታጥቋል። ጓሮው ዝግ ነው። ጽጌሬዳን እዚህ ቢያወጣት ሁለቱም ይሞታሉ። ሰው መሀል መውጣት አለባት።

በመመርመሪያው የመጠባበቂያ ታንኩን አየር አስለቀቀ። ከዚያ የትኛውን ከረጢት እንደሚያስተነፍስ አሰበ። ግራው አይሆንም። እዚያ ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ሰውነቱ ከወረደ ጎማው እሷ ጋ ይደርሳል። ቀኙን መረጠ። እስክሪብቶ የምታህለውን የአየር ቱቦ ማሰሪያ ሩብ ዙር ፈታት።

አየሩ የሚያልቀው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ፣ ሰው መሀል።

«ጨርሻለሁ።»

«ግባ!» አለው ለሊሳ። «አብረኸን ትሄዳለህ። እሱ ከጮኸ አንተን ነው የማስጮህህ።»

ገባ። ከለሊሳ ጎን ተቀመጠ።

ባምቢስን አለፉ። ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። ፍሬሰላም በስልክ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ያማርራል። መስቀል አደባባይ። ስታዲየም። ኮምፕረሰሩ አሁንም እየሠራ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ ሲገቡ ኮምፕረሰሩ ዝም አለ። ግሎ ራሱን አጥፍቷል።

ቀኙ መስመጥ ጀመረ።

«ጎማ ነው?» አለ ለሊሳ።

አስገዶም ወደ ኋላ ዞረ። አንድ ነገር ትዝ አለው። አንዱ ጥግ ሲወርድና ማንሳት ሲያቅተው፣ መኪናው እንዳይጋደል ሌሎቹንም ያወርዳል። ሥሪቱ ነው። ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። ሰው ሲንቅ የዋለ ጭንቅላቱ ይህን ረስቶታል።

ግራው ወረደ።

ጎማው ቆርቆሮውን ነከሰ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ቁም! ፍሬን ያዝ!» አለ አስገዶም። ይህን ያለው በውስጡ ያለው መካኒክም ሰላይም አልነበረም፤ ሰውየው ነበር።

መኪናው ተቆልፎ ቆመ። ሚኒባሶች ጥሩምባ ነፉ። አንድ ወያላ በመስኮት ተንጠልጥሎ፣ «አባቴ፣ ጎማ ነው ወይስ ስግደት? ተንበረከከች እኮ!» አለ። ሳቅ ሆነ። ጩኸቱ ሲደገም ሳቁ ቆመ።

ለሊሳ እጁን ወደ ጃኬቱ ሰደደ። አስገዶም የእጁን አንጓ በመፍቻው መታው። ሽጉጡ ፔዳሎቹ ሥር ወደቀ። ለሊሳ በሩን ከፍቶ ሮጠ። ፍሬሰላም መስኮቱን ዘግቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ትራፊኮቹ እስኪደርሱ ድረስ እዚያው በመስታወቱ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ይነካካ ነበር።

አስገዶም የኋላውን በር ከፍቶ ምንጣፉን ገለበጠ። የሳጥኑን ክዳን ነቀለው።

ጽጌሬዳ እጆቿ ታስረዋል። ግራ እግሯ በቆርቆሮውና በጎማው መካከል ነው።

«ክሪክ አምጡ!»

ክሪኩ ከሥሩ አልገባም፣ መኪናው መሬት ነክቷል። ወያሎች፣ ሾፌሮች፣ ሶፍት ሻጮች፣ ክራባት ያሰሩ የቢሮ ሰዎች ተረባርበው ፓራውልቱን፣ የኋላ መከላከያውን ያዙ። «አንድ፣ ሁለት!» በሰው እጅ ከፍ አለ።

አወጣት። ዓይኗን ገለጠች።

«አንተ ነህ ያንኳኳኸው?»

«አዎ።»

«አውቀህ ነው ያወረድከው?»

ሊዋሻት አሰበ። ሥራው ነው። «አውቄ ነው። በዚህ በኩል ግን አልነበረም።»

አምቡላንሱ ሲመጣ እሱ አልነበረም። ቱታውን አውልቆ፣ ሰው የጫነ የሳሪስ ሚኒባስ ውስጥ ቆሞ ይሄድ ነበር።

የዘነበን ድምፅ በዚያው ቀን ለቢሮው የበላይ ኃላፊ ላከ። ሐሙስ ዕለት ዘነበን ከወንበሩ አነሱት። ልጄን፣ ልጄን እያለ አለቀሰ አሉ። ጽጌሬዳ ስታሾልክ የነበረው ዝርዝር ተረፈ። በእሱ መሪነት እርሻው ተገኝቶ ተከፈተና በሕይወት ያሉ አራት ሰዎች ወጡ። ጽጌሬዳ የግራ እግሯን ከቁርጭምጭሚት በታች አጣች። ቢሮው ለአስገዶም ሥራው ተሳክቷል ሲል ጻፈለት። ደብዳቤውን ቀደደው።

አሁን ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ይኖራል። የጭነት መኪና ባሌስትራ ይቀይራል። ብረት ነው፣ ሲጫን ይጎብጣል፣ ሲሰበር ይሰማል።

ባለፈው አንድ ወጣት ባለሀብት ከፍ ያለ መኪናውን ይዞ መጣ። አንዱ ጥግ ወርዷል።

«ኤር ሰስፔንሽን፣ ይሄን የአየር ሞላ ትሠራለህ?»

«አላውቅም።»

«ምን ዓይነት መካኒክ ነህ አንተ?» ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየው። ምራቁን ጢቅ አለ።

አስገዶም ይህንን እይታ ያውቀዋል። ለዓመታት የራሱ ነበር።

«ሌላ ቦታ ይጠይቁ ጌታዬ» አለና የከባዱ መኪና ሥር ገባ።